እርግዝናን በሦስት የከፈሉት ዳኛ፦ ሃሪ ብላክመን

እ.አ.አ. በ1972፣ ፍርድ ቤቱ ለእረፍት በተዘጋበት ወቅት፣ አንድ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ወደ ሚኒሶታዋ ሮቼስተር ከተማ አቀኑ። በዚያም በማዮ ክሊኒክ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሕክምናና የሕግ ታሪክ ሲያነብቡ ሰነበቱ። ሃሪ ብላክመን ለቦታው እንግዳ አልነበሩም፤ በ1950ዎቹ የተቋሙ የሕግ አማካሪ ነበሩ።

ብላክመን በ1908 በኢሊኖይ ተወልደው በሚኒሶታ አደጉ። በሃርቫርድ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ቀጥሎም ሕግ ተማሩ። ፕሬዝዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1970 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጯቸው፣ ቀደም ብለው ያቀረቧቸው ሁለት ዕጩዎች በሴኔቱ ውድቅ ከተደረጉባቸው በኋላ ነበር። ወግ አጥባቂ ይሆናሉ ተብለው የተጠበቁት እኒህ ሰው፣ ‘ሮ እና ዌድ’ በተሰኘው ክርክር የአብላጫውን ዳኞች ውሳኔ እንዲጽፉ ተመደቡ።

ሴቲቱ መብት አላት ከተባለ፣ እስከ ስንተኛው ወር? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። ብላክመን በረቂቃቸው ገደቡን የመጀመሪያው ሦስት ወር ማብቂያ ላይ አደረጉ። ምርጫው የዘፈቀደ መሆኑን፣ ሌላ ነጥብ ቢመረጥም ከዚህ እንደማይሻል ለባልደረቦቻቸው በጻፉት ማስታወሻ አልሸሸጉም። ለቀድሞው የሒሳብ ተማሪ ይህን ማመን ቀላል አይመስልም። ዳኛ ሉዊስ ፓወል ገደቡ ፅንሱ ከማኅፀን ውጪ መኖር እስከሚችልበት ጊዜ እንዲገፋ ሐሳብ አቀረቡ። ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ደግሞ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን አምነው እስኪወስኑ ጊዜው ሊያልፍባቸው እንደሚችል አሳሰቡ። ብላክመንም ሐሳባቸውን ለወጡ።

ጥር 22 ቀን 1973 በ7 ለ2 ድምፅ የተሰጠው ውሳኔ እርግዝናን በሦስት ከፈለ። በመጀመሪያው ሦስት ወር ጉዳዩ ለሴቲቱና ለሐኪሟ ተተወ። ከዚያ በኋላ ግዛቶች የእናቲቱን ጤና ለመጠበቅ ደንብ ማውጣት ይችላሉ። ፅንሱ ከማኅፀን ውጪ መኖር ከቻለ በኋላ፣ ይህም ያኔ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ይገመት ነበር፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ካልተጋለጠ በስተቀር መከልከልም ይችላሉ።

በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጎረፉላቸው፤ ብዙዎቹ የቁጣ፣ አንዳንዶቹም የግድያ ዛቻ ነበሩ። በ1992 ፍርድ ቤቱ፣ ብላክመን እየተቃወሙ፣ የሦስቱን ወራት ክፍፍል ትቶ ፅንሱ መኖር የሚችልበትን ገደብ ብቻ አስቀረ። እሳቸው በ1994 ጡረታ ወጥተው በ1999 በ90 ዓመታቸው አረፉ።

ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 ያንንም ገደብ ሻረው። ጉዳዩ ወደ ግዛቶች ተመልሶ በጆርጂያ ክልከላው ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀመረ፤ ዳኛው ባደጉባት ሚኒሶታ ግን መብቱ በ2023 በሕግ ጸደቀ።