ሳይፈርዱ ኖረው ዋና ዳኛ የሆኑት ኧርል ዋረን

ኧርል ዋረን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ኦክቶበር 5 ቀን 1953 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በየትኛውም ፍርድ ቤት አንድም መዝገብ ይዘው ፈርደው አያውቁም። ዐቃቤ ሕግ ሆነው ኖረዋል፤ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሆነውም ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል። እንዲህ ያለ የሥራ ታሪክ ይዞ ዛሬ ለዚያ ወንበር የሚታጭ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እሳቸው ግን ወንበሩን በያዙ በሰባት ወራቸው፣ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ ዘጠኙንም ዳኞች አስተባብረው በአንድ ድምፅ አወጡ።

ከእናንተ መካከል ለሕግ ትምህርት ቤት የምታመለክቱ ወይም ክለርክ ሆናችሁ ከአንድ ዳኛ ሥር ለመሥራት የምትሯሯጡ ካላችሁ፣ ዋረን ወደዚያ ወንበር የደረሱበትን መንገድ ማየት ይጠቅማችኋል።

ዋረን በ1891 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ከኖርዌይ፣ እናታቸው ከስዊድን ገና በሕፃንነታቸው የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባትየው የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ በ1894 በታላቁ የባቡር ሠራተኞች አድማ በመካፈላቸው ከሥራ ተባረሩ። ቤተሰቡም ወደ ቤከርስፊልድ ሄደ። ልጁ ዋረን በየክረምቱ እዚያው ባቡር ኩባንያ ይቀጠሩ ነበር። ሥራቸው ባቡሩ ሊነሳ ሲል ሠራተኞቹን ከያሉበት፣ ከመጠጥ ቤትም ሆነ ከቁማር ቤት፣ እየዞሩ መጥራት ነው። እግራቸው በባቡር የተቆረጠ ሰዎችን ያለ ካሳ ሲሰናበቱ ያዩት ያኔ ነው። በርክሌይ ገብተው ሕግ ተማሩ፤ በ1914 ጨረሱ። በትምህርታቸው ከመካከለኛ የሚያልፉ አልነበሩም፤ ይህን የምጠቅሰው ውጤታችሁን እያያችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የዐቃቤ ሕግነት ዘመን ረጅም ነው። ኦክላንድን በሚያካትተው በአላሜዳ ካውንቲ ከ1925 እስከ 1939 ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። የካውንቲውን ሸሪፍ ሳይቀር በጉቦ ከሰው አስፈርደውበታል። በ1938 ለካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ሲወዳደሩ አባታቸው ቤከርስፊልድ በሚገኘው ቤታቸው ተገድለው ተገኙ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወንጀል የተፈጸመበት ቤተሰብ ሐዘን ምን እንደሆነ ዋረን በራሳቸው ደርሶ አይተውታል። ብዙ ዓመት ቆይተው የተከሳሾችን መብት ሲያሰፉ ለወንጀለኛ ያደላሉ ብለው የሚከሷቸው ሰዎች ይህን ረስተውት ነበር።

በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ጨለማ ክፍል የ1942 ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ የጃፓን ዘሮች ከቤታቸው እንዲነሱ አጥብቀው ከገፉት ባለሥልጣናት አንዱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዋረን ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ እዚሁ አገር የተወለዱ ዜጎች፣ ክስ ሳይቀርብባቸው በካምፕ ታጎሩ። ዋረን በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው አሸነፉ። የመራጭን ስሜት ማንበብ የሚችል ፖለቲከኛ ያንኑ ችሎታውን ለክፉም ሊያውለው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ጸጸታቸውን በግልጽ የጻፉት በትዝታ መጽሐፋቸው ነው፤ እሱም የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1977 ነው። ለእኔ ይህ በጣም ዘገየ።

እንደ አገረ ገዥ ግን ተወዳጅ ነበሩ። በ1946 የሪፐብሊካንንም የዴሞክራትንም የፓርቲ ቅድመ ምርጫ አሸንፈዋል፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ያኔ አንድ ሰው በሁለቱም እንዲወዳደር ይፈቅድ ነበር። በ1948 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ቀርበው ከቶማስ ዱዊ ጋር ተሸነፉ። በ1952 ፕሬዚዳንት ለመሆን ቢሞክሩም የፓርቲው እጩነት ለአይዘንሃወር ሆነ። በዓመቱ ዋና ዳኛ ፍሬድ ቪንሰን በድንገት ሲሞቱ አይዘንሃወር ወንበሩን ለዋረን ሰጡ።

በእኛ አገር በቀድሞው ሥርዓት ሹም የሚያስተዳድርም የሚፈርድም ስለነበር፣ አገረ ገዥ ዳኛ ሆነ ቢባሉ አያቶቻችን ብዙም አይደነቁም። ልዩነቱ ዋረን ዳኛ ሲሆኑ ገዥነቱን ትተው መሄዳቸው ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ በዚያ ዘመን አልተደነቁም። ምክንያቱም ዋረን ሲገቡ ወንበሩ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ከእሳቸው ብዙ የተለየ ታሪክ አልነበራቸውም። ሁጎ ብላክ የአላባማ ሴናተር ነበሩ፤ የዳኝነት ልምዳቸው በወጣትነታቸው በበርሚንግሃም የፖሊስ ፍርድ ቤት ከሠሩት አጭር ጊዜ አያልፍም። ሃሮልድ በርተን የክሊቭላንድ ከንቲባና የኦሃዮ ሴናተር ነበሩ። ሮበርት ጃክሰንና ቶም ክላርክ የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ጃክሰን እንዲያውም የሕግ ዲግሪ ሳይዙ በጠበቃ ሥር ሠርተው ነው ሙያውን የተማሩት። ስታንሊ ሪድ መንግሥትን ወክለው በዚሁ ፍርድ ቤት ይከራከሩ ነበር። ፊሊክስ ፍራንክፈርተር የሃርቫርድ ፕሮፌሰር፣ ዊልያም ዳግላስ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበሩ። ከዘጠኙ በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው የሚያውቁት ሸርማን ሚንተን ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ከዚያ በፊት የኢንዲያና ሴናተር ነበሩ።

ብራውን በመባል የሚታወቀው የትምህርት ቤቶች ክስ በ1952 መጨረሻ በቪንሰን ዘመን ተሰምቶ ዳኞቹ ተከፋፍለውበት ነበር። እንደገና ክርክር እንዲሰማ ተቀጠረ። በዲሴምበር 1953 ክርክሩ ሲሰማ ዋረን ገና ሁለት ወራቸው ነው። ዳኞቹ ዝግ ስብሰባ ሲቀመጡ አዲሱ ዋና ዳኛ ድምፅ እንዳይሰጥ፣ ጉዳዩ እንዲሁ እንዲወራበት ሐሳብ አቀረቡ። ምክር ቤት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አንድ ሰው አንዴ አልደግፍም ብሎ እጁን ካወጣ መመለስ ይከብደዋል። የራሳቸውን አቋም ግን አልሸሸጉም። መለያየቱ ሊቆም የሚችለው ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ዝቅ ያሉ ናቸው ብሎ በማመን ብቻ ነው አሉ። ያን እምነት በስሙ ተናግሮ የሚፈርም ዳኛ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወራት የፈጀ ልመና መጣ። አብረው ምሳ እየበሉ፣ ቢሮ ድረስ እየሄዱ፣ አንድ በአንድ አነጋገሩ። ጃክሰን የራሳቸውን የተለየ አስተያየት ለመጻፍ ጀምረው ነበር። በማርች 1954 መጨረሻ በልብ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ፣ ዋረን ረቂቁን ይዘው አልጋቸው ድረስ ሄዱ። በመጨረሻ ብቻቸውን የቀሩት የኬንተኪው ሪድ ነበሩ፤ እሳቸውም ለአገሪቱ ሲሉ ተስማሙ። ሜይ 17 ቀን 1954 ውሳኔው ሲነበብ ጃክሰን ከሆስፒታል መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዋረን ጽሑፉን ሆን ብለው አጭር አደረጉት፤ ጋዜጦች ሙሉውን እንዲያትሙት፣ ሕግ ያልተማረ ሰውም እንዲረዳው ፈልገው ነበር። በዚያው ቀን በሌላ ውሳኔ የዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ተፈረደባቸው። ዛሬ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያን ልጆች ከሁሉም ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይማራሉ።

አንድነቱ ዋጋ አስከፍሏል። በ1955 ውሳኔው እንዴት ይፈጸም ሲባል ፍርድ ቤቱ ቁርጥ ያለ ቀን ሳያስቀምጥ ላላ ያለ ቃል ተጠቀመ፤ የደቡብ ግዛቶችም ያን ይዘው ዓመታት አጓተቱ። በቨርጂኒያ የሚገኘው ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ አብሮ ከሚማር ብሎ ከ1959 ጀምሮ ለአምስት ዓመት የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። ፖለቲከኛ ዳኛ ድምፅ ማሰባሰብ ይችላል፤ ሲያሰባስብ ግን ያቻችላል።

ያለፈ ሥራቸው በሌሎችም ውሳኔዎቻቸው ላይ ይታያል። አገረ ገዥ ሳሉ የካሊፎርኒያ ሴኔት መቀመጫ በሕዝብ ብዛት ይከፈል የሚለውን ሐሳብ ተቃውመው ነበር። በ1964 ግን የክልል ምክር ቤቶች በሕዝብ ብዛት እንዲመሠረቱ የሚያዘውን ውሳኔ ራሳቸው ጻፉ። በ1966 ደግሞ ፖሊስ የያዘውን ሰው ከመመርመሩ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቱን እንዲነግረው ያዘዘውን የሚራንዳ ውሳኔ ጻፉ፤ የአሜሪካ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የምርመራ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በ1967 ቨርጂኒያ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የከለከለችበትን ሕግ የሻረው ውሳኔም የእሳቸው ነው።

ይህን ያላሰቡት አይዘንሃወር ከዋረን በኋላ የሾሟቸው አራት ዳኞች፣ ሃርላን፣ ብሬነን፣ ዊተከርና ስቱዋርት፣ ሁሉም ቀድመው በሌላ ፍርድ ቤት ዳኞች የነበሩ ናቸው። በ1969 ዋረን ሲለቁ የተተኩት በዋረን በርገር ነው፤ እሳቸውም የመጡት ከዲሲው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየጠበበ ሄደ። በሕዝብ ተመርጠው ያገለገሉት የመጨረሻዋ ዳኛ፣ የአሪዞና ሴኔት አባል የነበሩት ሳንድራ ደይ ኦኮነር፣ በ2006 ሲለቁ ዘጠኙም ከፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመጡ ሆኑ፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በ2010 የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ኤሌና ኬገን ሲገቡ ብቻ ይህ ተሰበረ። በ2022 ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ከገቡ በኋላ ያለውን ወንበር ስንቆጥር ስምንቱ ከይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ስምንቱ ከሃርቫርድ ወይም ከየል፣ ስድስቱ በወጣትነታቸው እዚያው ፍርድ ቤት ክለርክ የነበሩ ናቸው።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። በይግባኝ ፍርድ ቤት ዓመታት የሠራ ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል ከጻፋቸው ውሳኔዎች ይነበባል፤ ፕሬዚዳንቶች ደግሞ እንደ ዋረን ያለ ድንገተኛ ነገር አይፈልጉም። በሌላ በኩል በ1953 ወንበሩ ላይ የነበሩት ዘጠኙም ነጭ ወንዶች ነበሩ። ዛሬ ሴቶች፣ ጥቁሮች፣ የፖርቶ ሪኮ ስደተኞች ልጅም አሉበት፤ ጃክሰን ደግሞ መንግሥት ለድሆች የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ሆነው የሠሩ የመጀመሪያዋ ናቸው። ፊቱ ሰፋ፤ የሥራ ታሪኩ ግን ጠበበ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ለምን ግድ እንደሆነ አሳማኝ ምክንያት አላየሁም። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከካውንቲ ዐቃቤ ሕግነት ተነስቶ እዚያ የሚደርስበት በር ቢከፈት፣ ከእኛም የታክሲ ሾፌርና የነርስ ልጆች የሚያልፉበት ይሰፋል።

ዋረን ጁላይ 9 ቀን 1974 በ83 ዓመታቸው ዋሽንግተን ውስጥ ዐረፉ። በዚያው ቀን ዳኞቹ ብሬነንና ዳግላስ ሆስፒታል ሄደው አይተዋቸው ነበር፤ ያወሩትም ከአንድ ቀን በፊት ፍርድ ቤቱ ስለሰማው የፕሬዚዳንት ኒክሰን የድምፅ ቅጂዎች ክርክር ነው። ዋና ዳኛ በርገር የጻፉት ውሳኔ ከ15 ቀን በኋላ ወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ቅጂዎቹን እንዲያስረክቡ ስምንቱም ዳኞች ተስማምተው አዘዙ።