ራስ ወልደ ሥላሴና የጨለቆት ዘውድ

ከኛ ከቁሓ በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ጨለቆት አለች። ስሟን ሁላችንም እንሰማለን፤ ታሪኳን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለዚህ ለዛሬ የመረጥነው የጨለቆት ሥላሴን ደብር ያሠሩትን ራስ ወልደ ሥላሴን ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታው የደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ልጅ ናቸው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። የጎንደር ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን ስላልነበራቸው፣ ጉልበት ያለው መስፍን ሁሉ በየፊናው ይገዛ ነበር። እሳቸውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትግራይን በእጃቸው አስገቡ። መቀመጫቸው ሕንጣሎና ጨለቆት ነበሩ፤ ከየጁ መሳፍንት ጋርም ሲፎካከሩ ኖሩ።

በ1805 ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ መጣና ራስ በእንግድነት ተቀበሉት። በዚያው ጉዞ አክሱም ደርሶ ሐውልቱን ሣለ፤ የንጉሥ ዔዛናን የግሪክኛ ጽሑፍም ከድንጋዩ ላይ ገለበጠ። የውጭው ዓለም ስለ አክሱም በደንብ ያወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ታዲያ ሁሉንም ራስ ብቻቸውን ሠሩት ማለታችን አይደለም። ሠራዊቱን ያበላው የገበሬው ጎተራ ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውም የባለሙያ እጅ ነው። ቅርሱ የሕዝብ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

ራስ በ1816 በእርጅና ዘመናቸው ሞቱ። ወዲያው መሳፍንቱ ለሥልጣን ተጣሉ፤ በመጨረሻም የአጋሜው ደጃዝማች ሰባጋዲስ አሸነፉ። ሥልጣኑ እንዲህ አለፈ፤ ደብሩና ንብረቱ ግን ቀረ።

ቀረ ብሎ መተኛት ግን አይገባም። ራስ ለደብሩ ሰጡት ተብሎ የሚታመን፣ በወርቅ የተለበጠ፣ የክርስቶስና የሐዋርያት ሥዕል ያለበት የመዳብ ዘውድ በ1993 ከጨለቆት ጠፋ። በ1998 ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ሲራክ አስፋው የተባሉ ኢትዮጵያዊ ቤታቸው ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አዩት። የተሰረቀ ቅርስ መሆኑ ስለገባቸው ከቤት እንዳይወጣ ከለከሉ። 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት፤ በ2020 ዘውዱ አገሩ ገባ።

ያ ዘውድ የተረፈው አንድ ሰው አይቶ ስላወቀው ነው። ባያውቁት ኖሮ እንደ ማንኛውም ዕቃ ተሸጦ ይቀር ነበር። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ እንመደባለን። እዚያ ስንደርስ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ፤ ተማሪዎቻችንን ይዘን ሄደን እናሳያቸው፤ ያየነውንም በደብተር እንመዝግብ። ልጅ ያላወቀውን ነገር አይጠብቅም። መጀመሪያ ግን እኛው ራሳችን ጨለቆትን ሄደን እንያት!