ጆን ስኮት ሃልዴን፦ የከሰልን ስውር መርዝ የመረመሩ ሐኪም

በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከተሞች ከሰል የብዙ ቤተሰብ ማገዶ ነው። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲበረታ ግን ቡና የተፈላበት ምድጃ ፍሙ ሳይጠፋ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮትም ይዘጋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም። ይህ ጋዝ እንዴት እንደሚገድልና ኦክስጅን እንዴት እንደሚታደግ በምርምር ካሳዩት ሊቃውንት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ጆን ስኮት ሃልዴን ናቸው።

ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ተወለዱ። በ1884 በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በኦክስፎርድ አሳለፉ። ሰዎች በየቤታቸው፣ በየትምህርት ቤቱና በየማዕድን ጉድጓዱ የሚተነፍሱት አየር ምን እንደያዘ መመርመር የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ራሳቸው እየተነፈሱ በሰውነታቸው ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ይመዘግቡ ነበር። ጋዙ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው የደም ክፍል ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ ደም ኦክስጅን ለማድረስ ይሳነዋል። በ1895 ባሳተሙት ጥናት ግን በጋዙ የተመረዙ አይጦች ግፊቱ ከፍ ባለ ኦክስጅን ውስጥ በሕይወት መቆየት እንደሚችሉ አሳዩ።

በ1896 በዌልስ ታይለርስታውን የድንጋይ ከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 57 ሠራተኞች ሞቱ። ሃልዴን አስከሬኖቹን መርምረው አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው ሳይሆን ተከትሎ የመጣው ጋዝ መሆኑን አረጋገጡ። አየሩ ሲበከል ከሰው ቀድመው የሚደክሙ አይጦችና ትናንሽ ወፎች ወደ ጉድጓድ እንዲገቡም መከሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዝ ለተጎዱ ወታደሮች ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። በ1936 በኦክስፎርድ አረፉ።

የዛሬው ሕክምናም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን ጋዞች ስለማይለይ ንባቡ ደህና ቢመስልም ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም።

ስለዚህ በአንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ ወይም መዛል ከገጠማቸው በርና መስኮት ከፍቶ ወዲያውኑ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ሳይዘገዩም ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ወተትም ሆነ ሎሚ ጋዙን ከደም አያስወጣም። አመድ የለበሰ ፍምም የጠፋ ይምሰል እንጂ መርዙን ማውጣቱን አያቆምም፤ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ከቤት ማውጣት ሕይወትን ይታደጋል።