አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፦ ከጢሮስ ወጥተው በአክሱም የቀሩት መንገደኛ

የጌታችን የልደት በዓል የመንገደኞች በዓል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዮሴፍና እመቤታችን ለቆጠራ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የወጡ መንገደኞች ነበሩ። ሰብአ ሰገልም ኮከብ እየመራቸው ከሩቅ ምሥራቅ መጥተው፣ ሲመለሱ በሕልም እንደ ተነገራቸው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ገብተዋል። ለአገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት አባ ሰላማም፣ ሢመታቸው የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን፣ የሚታሰብ መንገደኛ ናቸው። ይሁን እንጂ ሰብአ ሰገል የሚመራቸውን ኮከብ በዓይናቸው ያዩ ነበር። የአባ ሰላማ ጉዞ ግን የተጀመረው በደም ነው።

በአራተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ዛሬ ሊባኖስ በምትባለው አገር ከምትገኘው ከጢሮስ ከተማ፣ ሜሮጵዮስ የተባለ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየትና ዕውቀት ለመቅሰም በመርከብ ተነሣ። ዘመዶቹ የሆኑ ሁለት ልጆችንም እያስተማረ ይዞ ሄደ። ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። በመልስ ጉዟቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ከአንድ ወደብ ሲቆሙ፣ የዚያ አካባቢ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል መፍረሱን ሰምተው ኖሮ፣ ፈላስፋውንና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሏቸው። ሁለቱ ልጆች በዚያ ሰዓት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ገዳዮቹም ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

በአንደኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ አንድ የባሕር ነጋዴዎች መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ ወደብ እስከ አክሱም ያለው መንገድ የስምንት ቀን ጉዞ መሆኑን ይገልጻል። ከዚያ ደጋ ቤተ መንግሥት ውስጥ ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ አስተዋይነቱ የታየለት ፍሬምናጦስ ደግሞ የመዛግብትና የጽሕፈት ኃላፊ ተደረገ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነፃ አወጣቸው። ነገር ግን ንግሥቲቱ ሕፃን ልጅ ይዛ ቀርታ ነበርና፣ ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። እነርሱም እሺ ብለው ቆዩ።

በአገራችን ትውፊት እንደሚነገረው፣ የክርስትና ወሬ በጃንደረባው አማካይነት አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ ነበር፤ የሚያጠምቅና የሚቀድስ ካህን ግን አልነበረም። ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ አዋጅ አላስነገረም። ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን ፈልጎ አገኘ፤ የሚጸልዩበት ሥፍራ እንዲሠሩም ቦታ ሰጣቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሁሉ አሟላላቸው።

አልጋ ወራሹ ለአካለ መጠን በደረሰ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች አደራቸውን አስረክበው፣ ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ ቢማጠኗቸውም ለመሄድ ተነሡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስ ግን እግዚአብሔር በዚያ አገር የጀመረውን ሥራ ሰውሮ መቀመጥ እንደማይገባው አስቦ ወደ እስክንድርያ አቀና። በእኛ አስተያየት የአባ ሰላማ ሐዋርያዊ ጉዞ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በልጅነቱ ወደ አክሱም የወሰዱት ሌሎች ናቸው፤ የምርኮኛ ትዕግሥት እንጂ ምርጫ አልነበረውም። አሁን ግን ነፃ ሰው ነው፤ የአገሩ መንገድም ክፍት ነው። ወደ እስክንድርያ ሲሄድ እንኳ ለራሱ ሹመት የለመነው ነገር የለም። የጠየቀው ለእነዚያ ምእመናን የሚገባ ሰው ተመርጦ ጳጳስ ሆኖ እንዲላክላቸው ብቻ ነበር።

የእስክንድርያ መንበር በዚያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ328 በተሾመው በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነበር። አትናቴዎስ ጳጳሳቱን ሰብስቦ የፍሬምናጦስን ነገር ከሰማ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ከመልእክተኛው የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ወሰነ። ሌላ ሰው ሊያስልክ የመጣው መንገደኛ ራሱ ተቀብቶ፣ በምርኮ ወደ ገባባት አገር እንዲመለስ ታዘዘ። እርሱም ትእዛዙን ተቀብሎ ተመለሰ።

ኤዴስዮስም ቢሆን የሚነቀፍ አይደለም። በጢሮስ ቅስና ተቀብሎ አገልግሏል፤ ታሪኩንም ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ለሩፊኖስ በአንደበቱ የነገረው እርሱ ነው። እርሱ ወደ ቤቱ ባይገባ ኖሮ ከላይ የተረክነው ሁሉ ባልደረሰን ነበር።

አባ ሰላማ አክሱም ሲገቡ ያጠመቁት፣ በትውፊታችን አብርሃና አጽብሐ የተባሉትን ነገሥታት ነው። የታሪክ ሊቃውንት በድንጋይ ጽሑፎች ኢዛና ተብሎ ከሚታወቀው ንጉሥ ጋር ያገናኙታል። የዚህ ንጉሥ የቀድሞ ገንዘቦች የጨረቃ ምልክት ነበረባቸው፤ ኋላ የታተሙት ግን መስቀል ይዘዋል። ሕዝቡም ጳጳሱን ከሣቴ ብርሃን፣ ብርሃንን የገለጠ፣ ብሎ ሰየማቸው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ነው። አርዮሳውያንን የሚደግፈው ቄሣር ቆንስጣንዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ፣ በስፍራው ጊዮርጊስ የተባለ ሰው አስቀመጠ (ስሙ ከሰማዕቱ ጋር አንድ ቢሆንም ሌላ ሰው ነው)። ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛናም ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ እምነቱና ሹመቱ እንዲመረመር ፈጥኖ ወደ እስክንድርያ እንዲላክ አዘዘ። አትናቴዎስ ራሱ ይህን ደብዳቤ በመጽሐፉ አስፍሮታል። የላካቸው አባት በግብፅ በረሃ ተሸሽጎ ነበር፤ የሚፈልጋቸው ደግሞ የዘመኑ ኃያል ንጉሥ ነው። አባ ሰላማ ስለ መሄዳቸው፣ ንጉሡም አሳልፎ ስለ መስጠቱ የሚናገር ታሪክ የለም። ወደ ጢሮስ መመለሳቸውንም የጻፈ የለም።

አባ ሰላማ የሄዱበት የእስክንድርያ መንገድ ግን ለብዙ ዘመን አልተዘጋም። ጳጳስ ባረፈ ቁጥር የኢትዮጵያ መልእክተኞች በረሃውንና ባሕሩን አቋርጠው አዲስ ጳጳስ ለመለመን ወደ ግብፅ ይወርዱ ነበር። አንዳንዶቹ ሳይመለሱ በመንገድ ቀርተዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው። የአባ ሰላማ ዕረፍት በስንክሳር ሐምሌ 26 ቀን ይነበባል።