ካይም ዋይዝማን፦ ከበቆሎ ኬሚካል ያወጡት ሊቅ

ካይም ዋይዝማን በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በመኾናቸው ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ከብዙ ዓመታት በፊት የኬሚካል ፋብሪካን ከገበሬው ማሳ ጋር ያገናኙ የሳይንስ ሰው ነበሩ።

ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1874 በዛሬዋ ቤላሩስ በምትገኘው ሞታል በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ ከእንጨት ነጋዴ አባት ተወለዱ። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ኬሚስትሪ አጥንተው በ1899 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በ1904 ወደ እንግሊዝ አቅንተው በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚኾን ቡታኖል ይፈልጉ ነበር። በዚህ ምርምር ስታርችን ወደ ቡታኖል፣ አሴቶንና አልኮል የሚለውጥ ባክቴሪያ ለዩ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ብሪታንያ ለባሩድ መሥሪያ የሚያስፈልጋት አሴቶን አጠራት። አሴቶን ይገኝ የነበረው እንጨትን አየር በሌለበት በማክሰል ሲሆን፣ ለጥቂት ምርት ብዙ ዛፍ ይፈጅ ነበር። የዋይዝማን ዘዴ ግን ከመጠጥ ጠመቃ ብዙም የራቀ አልነበረም። የበቆሎ ዱቄት በውኃ ይቀቀላል፤ ሲበርድ ባክቴሪያው ይጨመርበታል፤ አየር በማይገባበት በርሜል ይብላላል፤ በመጨረሻም እንደ አረቄ ይወጣል። ከ10 እጅ ምርት 3ቱ አሴቶን፣ 6ቱ ቡታኖል፣ 1ዱ አልኮል ነው። በለንደን የሚገኝ የአረቄ ፋብሪካም ለዚሁ ሥራ ዋለ።

ብዙ ሳይቆይ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑ መርከቦችን ሲያሰጥሙ፣ ያለው እህል ለሕዝብ ምግብ ይዋል ወይስ ለፋብሪካ? በ1917 የብሪታንያ ተማሪዎች ሰው የማይበላውን የዛፍ ፍሬ ለቅመው እንዲያቀርቡ ተደረገ፤ ውጤቱ ግን ደካማ ነበር። ምርቱ በቆሎ ወደሚትረፈረፍባቸው ካናዳና አሜሪካም ተስፋፋ።

ከጦርነቱ በኋላ ቡታኖል ለመኪና ቀለም ተፈላጊ ኾነ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ስለረከሰ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ዋይዝማን በ1934 በሬሖቮት የምርምር ተቋም መሥርተው፣ በዚያችው ከተማ በኅዳር 1952 አረፉ።

ዛሬ ከነዳጅ ዘይት ጥገኝነት መላቀቅ የሚሹ ተመራማሪዎች ወደዚያ ባክቴሪያ ተመልሰዋል። ከእህል ይልቅ ገለባንና የበቆሎ አገዳን ወደ ስኳር ለውጠው ሊመግቡት ይጥራሉ። ባክቴሪያው የቀረበለትን ያብላላል፤ ከማሳው የትኛው ለማዕድ፣ የትኛው ለፋብሪካ እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ሰው ነው።