ስሙ ስልካችሁ ላይ ያልተጻፈው ሰው፦ ኤርንስት አቤ

አንዳንድ የቪቮ ስልኮችና የድሮ ኖኪያዎች ላይ፣ ካሜራው አጠገብ «ዛይስ» የሚል ስም አለ። የጀርመኑ ሌንስ ሠሪ የካርል ዛይስ ስም ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስሙ እዚያ ላይ ስላልተጻፈው ሰው ነው። አቤ ሲባል የእኛ አበበ ሲቆላመጥ ይመስላል እንጂ ሰውየው ጀርመናዊ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ኤርንስት አቤ በ1840 አይዘናህ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በቀን እስከ 16 ሰዓት ቆሞ ይሠራል፤ ምሳውን እንኳ ማሽኑን ተደግፎ ነበር በጥድፊያ የሚበላው። ምሳ የሚያመላልሰው ትንሹ ኤርንስት ይህን እያየ አደገ። ልጁ ጎበዝ ስለነበር የአባቱ አሠሪ ትምህርቱን ደገፈለት፤ ፊዚክስና ሒሳብ ተምሮ የና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

በ1866 ማይክሮስኮፕ የሚሠራው ካርል ዛይስ እርዳታ ፈልጎ መጣ። ያኔ ሌንስ የሚሠራው በሙከራ ነበር። መስታወቱን ይሞርዳሉ፣ ይገጣጥማሉ፣ ያያሉ። ካልጠራ ሌላ ይቀይራሉ። ወጥ እየቀመሱ ጨው እንደመጨመር በሉት! ጥሩ ሌንስ ቢወጣም በትክክል እሱን የሚመስል ሁለተኛ መሥራት ጭንቅ ነው።

አቤ መስታወቱ ከመነካቱ በፊት ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ይሰላ አለ። ብርሃኑ በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ሌንሱ ምን ያህል ይጉበጥ? በመሀል ስንት ክፍተት ይኑር?

ታዲያ ተሳካለት? መጀመሪያ ላይ አልተሳካም። በስሌት የተሠሩት ሌንሶች በግምት ከተሠሩት ባሱ! አቤ ግን ስሌቱን አልጣለውም፤ ምክንያቱን ፈለገ። ለካ ምስሉ እንዳይዛባ ብሎ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን አጥብቦት ኖሯል። ብርሃኑ በሰፊ ማዕዘን ሲገባ ነው ጥቃቅኑ ነገር የሚለየው። ከ1872 ጀምሮ የዛይስ ማይክሮስኮፖች በስሌት መሠራት ጀመሩ፤ ግኝቱንም በ1873 አሳተመ።

ቀጥሎ መስታወቱ ራሱ እንቅፋት ሆነ። በጊዜው በነበረው መስታወት የምስሉ ጠርዝ ላይ የማይፈለግ ቀለም ይታይ ነበር። በ1884 ኦቶ ሾት ከሚባል ኬሚስትና ከዛይስ ጋር የመስታወት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ አዳዲስ የመስታወት ዓይነቶች መጡ። በእነዚህ ተጠቅሞ አቤ የቀጠረው ፓውል ሩዶልፍ በ1890 የካሜራ ሌንስ ሠራ፤ በ1902 ደግሞ አራት መስታወት ያለውን ዝነኛውን ቴሳር። ዛሬ የስልካችን ሌንስ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፣ ስሌቱንም ኮምፒውተር ይሠራዋል። መንገዱ ግን ያው ነው፦ አስላ፣ ሥራ፣ ለካ፣ አስተካክል። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ይሄው ይደገማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አቤ የድርጅቱ ባለድርሻ ሆኖ ሀብታም ሆኗል። ዛይስ በ1888 ሲሞት አቤ ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ ነበር። ምን አደረገ? በ1889 በዛይስ ስም ፋውንዴሽን አቋቋመ፣ በ1891 የራሱን ድርሻ ለፋውንዴሽኑ አስረከበ። በራሱ ስም እንኳ አልሰየመውም!

በ1896 ያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ለሠራተኛው ጡረታና ደመወዝ ያለው የእረፍት ፈቃድ ሰጠ። የአለቆች ደመወዝም ከሠራተኛው አማካይ ደመወዝ ከ10 እጥፍ እንዳይበልጥ ገደበ።

በ1900 ደግሞ የሥራ ሰዓቱን ከ9 ወደ 8 አወረደው። ይሄንንም እንደ ሌንሱ ለካው፦ ምርቱ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ትንሽ ጨመረ።

8 ሰዓት ማለት አባቱ በረዥሙ ቀን ይሠራ ከነበረው ልክ ግማሹ ነው።

አቤ በ1905 በ64 ዓመቱ አረፈ። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ድርሻችሁን ትሰጡ ነበር? እስቲ ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።