ሎኒ ዶኒጋን፡ ባንጆ ሳይችል ባንጆ መቺ የሆነውና የብሪታኒያን ወጣቶች ጊታር ያስጨበጠው ሙዚቀኛ

የለንደኑ ትሮምቦን ተጫዋች ክሪስ ባርበር ለጃዝ ቡድኑ ባንጆ መቺ ሲያፈላልግ፣ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል አንድ ጎበዝ ወጣት እንዳለ ወሬ ደረሰው። ወጣቱ የሚያውቀው ግን ጊታር እንጂ ባንጆ አልነበረም። ቢሆንም አላመነታም፤ መሣሪያውን ገዛና እንደ ባለሙያ ሆኖ ለፈተና ቀረበ። ማስመሰሉ አልሰመረለትም። ሰዎቹ ግን ጨዋታውንና ድፍረቱን ወደዱለትና ቡድኑን ተቀላቀለ።

አንቶኒ ጄምስ ዶኒጋን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ ተወለደ። አባቱ በስኮትላንድ ብሔራዊ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወት የነበረ፣ በኋላ ግን ሥራ ያጣ ሙዚቀኛ ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ኢስት ሃም ተዛወረ። በብሔራዊ ውትድርና ቪየና በተመደበ ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮችና ከሬዲዮ ጣቢያቸው የሰማቸው የብሉዝና የገጠር ዘፈኖች ከልቡ አልወጡም። በ1952 በለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ከአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ሎኒ ጆንሰን ጋር በአንድ ዝግጅት ላይ ቀረበ፤ ሎኒ የሚለውን ስምም ከእርሱ ወሰደ።

ባንጆ እንደ ማሲንቆ ሆዱ በቆዳ የተወጠረ፣ እንደ ጊታር አንገቱ የረዘመ የክር መሣሪያ ነው። መነሻው በባርነት ተግዘው ወደ አሜሪካ የተወሰዱት አፍሪካውያን ናቸው። በጃዝ ቡድን ውስጥ ግን ቦታው ከኋላ ነው፤ ትራምፔትና ክላሪኔት ሲያዜሙ እርሱ ምት ይጠብቃል። ዶኒጋን ከኋላ መቆሙ ብዙ አልተመቸውም። ነፊዎቹ ትንፋሻቸውን በሚሰበስቡበት የእረፍት ሰዓት ጊታር አንግቶ፣ በልብስ ማሻ ቆርቆሮና በባስ ታጅቦ የአሜሪካን የሕዝብ ዘፈኖች ማቀንቀን ጀመረ። ስልቱ ስኪፍል ተባለ። የእረፍት ጊዜ መሙያው ከዋናው ዝግጅት ይልቅ ታዳሚውን መሳብ ያዘ።

በሐምሌ 1954 የባርበር ቡድን በዴካ ኩባንያ ስቱዲዮ አልበም ሲቀዳ፣ ዶኒጋን "ሮክ አይላንድ ላይን" የተሰኘውን የባቡር ዘፈን አስገባ። ዘፈኑ የእርሱ አልነበረም። ጥቁር አሜሪካዊው ሌድ ቤሊ በ1930ዎቹ በአርካንሶ ከእስረኞች ሰምቶ ያሳወቀው ሲሆን፣ ሌድ ቤሊ በ1949 ስለሞተ የለንደኑን ዝና አላየም። ቅጂው ለብቻው ወጥቶ በ1956 በብሪታኒያም በአሜሪካም ከምርጥ 10 ውስጥ ገባ። ዶኒጋን ለቀረጻው የተከፈለው ግን የዕለት አበል የምትባል ጥቂት ፓውንድ ነበረች።

ገንዘቡ ቢቀርበትም ያስከተለው ለውጥ ግዙፍ ነበር። ስኪፍል ውድ መሣሪያም የሙዚቃ ትምህርትም አይጠይቅም፤ ርካሽ ጊታር፣ የሻይ ሣጥንና መጥረጊያ እንጨት ይበቁታል። ከጦርነቱ በኋላ በችጋር ያደጉ ልጆች በሺዎች እየተቧደኑ መጫወት ጀመሩ። ከእነዚህ ቡድኖች አንዱን ሊቨርፑል ውስጥ የመሠረተው ጆን ሌነን ነበር፤ ቡድኑ ኋላ ቢትልስ ሆነ።

ዶኒጋን በአንድ ስልት የሚረጋ ሰው አልነበረም። በ1957 በሁለት ቅጂዎች የብሪታኒያን ሰንጠረዥ በአንደኛነት መራ። በ1960 ደግሞ ስለ ቆሻሻ ሰብሳቢ አባት በሚቀልድ ዘፈን ወደ ድሮው የለንደን የቧልት መድረክ ዞረና ዳግም አንደኛ ወጣ። የሕዝብ ሙዚቃ ጠባቂዎች ግን ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ቅርስን ወደ ቀልድ አወረደ አሉት። ወቀሳው ፍትሐዊ አይመስልም፤ ከመጀመሪያውም የሚጫወተው በድንበር ላይ ነበርና።

እርሱ መንገድ ያሳያቸው ልጆች ከ1963 በኋላ ከሰንጠረዡ ገፉት። በምሽት ክበቦች እየሠራ ፊቱን ወደ ዘፈን መብት ንግድም አዞረ። በዚህ ረገድ ታሪኩ ያን ያህል አያምርም። በጥቂት ፓውንድ የተሸኘው ሰው፣ ገና ለጋ ወጣት የነበረውን ጀስቲን ሄይዋርድን በ1960ዎቹ አጋማሽ የሚያስር ውል አስፈረመ። ሄይዋርድ ለሙዲ ብሉዝ ቡድን የደረሰው ዝነኛው "ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን" መብቱ በዶኒጋን ኩባንያ እጅ ገባ፤ ደራሲውም በውሉ ለዓመታት ሲያዝን ኖሯል።

በ1976 የልብ ሕመም ቢጥለውም በ1978 ሪንጎ ስታር፣ ኤልተን ጆንና ብራያን ሜይ የተሳተፉበትን አልበም አወጣ። ከቫን ሞሪሰንና ከቀድሞ ባልደረባው ባርበር ጋር የቀዳው የስኪፍል አልበም በ2000 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የብሪታኒያን የክብር ኒሻን ተቀበለ።

በኅዳር 2002 በአገር አቀፍ ጉዞ ላይ ሳለ፣ በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ልጅ ሳለ የእርሱ አድናቂ ለነበረው የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በተዘጋጀ የመታሰቢያ ኮንሰርት ላይ ሊጫወት ቀጠሮ ይዞ ነበር።